ወጋጎዳ
ይህን ቃል ማንም ከእናቱ አፍ አልሰማውም። ወላይታ፣ ጋሞ፣ ጎፋና ዳውሮ ከሚሉት ስሞች የመጀመሪያ ፊደላቱን ለቅመው ሹማምንት የገጣጠሙት ነው። በ1992 ዓ.ም.፣ ያኔ ሰሜን ኦሞ በሚባለው ዞን፣ የአራቱን ሕዝቦች ልሳን በአንድ የቀላቀለ መማሪያ መጽሐፍ በዚሁ ስም ለትምህርት ቤቶች ታደለ። የወላይታዋ ከተማ ቦዲቲም በዚያው ዞን ሥር ነበረች። የወላይታ መምህራንና ተማሪዎች ቋንቋችን አይደለም ብለው ተነሡ፤ በወላይታዋ ከተማ ሶዶ የሰው ሕይወት ጠፋ፣ ብዙዎች ታሰሩ። መጽሐፉ ተሰበሰበ። ብዙም ሳይቆይ ሰሜን ኦሞ ፈርሶ ወላይታ ራሱን የቻለ ዞን ሆነ።

ልሳናቱ በእርግጥ ይቀራረባሉ። ሕዝቡ ግን በቅጡ አልተጠየቀም፤ በደሉ እዚህ ላይ ነው። ዛሬ የቦዲቲ ሕፃን ትምህርቱን የሚጀምረው በወላይትኛ ነው።