ስቶክሆልም ለሁለት ቀን፦ አስጎብኚው የማያሳየው ሰፈር

ከመስቀል አደባባይ ወደ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ የሚሄድ ሁሉ ወሎ ሰፈርን ያልፋል። ሻንጣውን ጭኖ ወደ ስቶክሆልም የሚበረውም እንዲሁ። ግራና ቀኙ ፎቅ ነው። ወደ ጎተራ የሚታጠፈው መንገድ የኢትዮ ቻይና ወዳጅነት ጎዳና ይባላል። ለሰፈሩ ስም የሆኑት ከወሎ የመጡ ሰዎች የሠሩት ቤትና አጥር ለመንገደኛ አይታይም። የቀረው ስሙ ነው፤ እሱንም ከጠዋት እስከ ማታ እየጠራ ያቆየው የታክሲ ረዳት ነው።

ስቶክሆልም የሚደርሰው መንገደኛ ብዙ ጊዜ የለውም። ወይ ለስብሰባ ሄዷል፣ ወይ ዘመድ ሊጠይቅ። ሁለት ቀን ትርፍ ካለው ምን ማየት እንዳለበት የሚነግረው አያጣም፦ አሮጌው ከተማ፣ ማዘጋጃ ቤቱ፣ የቫሳ መርከብ፣ ስካንሰን። ሁሉም መታየት ያለባቸው ናቸው። ለአዲስ አበባ ሰው ግን ትልቁ ትምህርት ያለው ሌላ ቦታ ነው፤ ስቶክሆልም ራሷ አፍርሳ ራሷ በተጸጸተችበት ሰፈር።

መንገዱ አዲስ አይደለም። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ፣ ራስ ኃይሉንና ራስ ሥዩምን አስከትለው አውሮፓን ሲዞሩ ስዊድንንም ጎብኝተዋል። ኅሩይ ወልደ ሥላሴ አብረው ነበሩ፤ የጉዞውንም ታሪክ «ደስታና ክብር» ብለው አሳትመውታል። በዚያ ዘመን የተጀመረው ወዳጅነት ለአዲስ አበባ ብዙ ነገር አመጣ። ዛሬ የካቲት 12 ሆስፒታል የሚባለው የያኔው ቤተ ሳይዳ በስዊድን ሐኪሞች ነበር የሚመራው። ከጣልያን ወረራ በፊት የሆለታን የጦር ትምህርት ቤት ያቋቋሙት የስዊድን መኮንኖች ናቸው። ከነፃነት በኋላ አየር ኃይሉን ያደራጀው ካውንት ፎን ሮዘን ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 ደግሞ የአዲስ አበባ ሰው «ሕንፃ ኮሌጅ» የሚለው የኢትዮ ስዊድን የሕንፃ ትምህርት ቤት ተከፈተ።

ይህን የመጨረሻውን ዓመት ልብ ማለት ያስፈልጋል። ስዊድኖች አዲስ አበባ ላይ ግንባታ ማስተማር ሲጀምሩ፣ በራሳቸው ዋና ከተማ መሐል ሰፈር እያፈረሱ ነበር።

የመጀመሪያው ቀን ጠዋት ለጋምላ ስታን ነው፤ ትርጉሙም አሮጌው ከተማ ማለት ነው። መንገዱ ድንጋይ ንጣፍ፣ ቤቱ ቢጫና ቀይ ነው። አንዱ መተላለፊያ በጠባቡ በኩል 90 ሳንቲ ሜትር ብቻ ስለሆነ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያሳልፍም። አደባባዩ ላይ እ.ኤ.አ. በ1520 የዴንማርኩ ንጉሥ 80 ያህል ሰዎችን አሳርዷል። ዛሬ እዚያው ቡና ይጠጣል። ብዙ ጎብኚ የማያውቀው ግን በ19ኛው መቶ ዘመን ይህ ሰፈር አርጅቷል፣ ጠቧል፣ ቆሽሿል ተብሎ ፈርሶ በአዲስ እንዲሠራ ዕቅድ ቀርቦበት እንደነበር ነው። ዕቅዱ ሳይፈጸም ቀረ። ዛሬ ዓለም ስቶክሆልምን የሚያውቃት ባልፈረሰው በዚሁ ሰፈር ነው።

ከዚያ በእግር ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ይኬዳል። ስምንት ሚሊዮን ያህል ሸክላ የፈጀ፣ ማማው 106 ሜትር የሆነ ሕንፃ ነው። የተመረቀው እ.ኤ.አ. በ1923 ስለሆነ ራስ ተፈሪ ስቶክሆልም ሲገቡ የአንድ ዓመት ሕንፃ ነበር። የኖቤል እራት የሚበላበት ትልቁ አዳራሽ «ሰማያዊው አዳራሽ» ይባላል፤ ግድግዳው ግን ቀይ ሸክላ ነው። አርክቴክቱ ሰማያዊ ሊያደርገው አስቦ ሸክላው ሲያምርበት ተወው። ስሙ ግን ቀድሞ ወጥቶ ነበርና አልተመለሰም። ስም እንዲህ ነው፤ ነገሩ ሳይኖርም ይኖራል።

ከሰዓት በኋላ ዩርጎርደን ወደምትባለው ደሴት መሻገር ነው። እዚያ ቫሳ አለች። ይህች የጦር መርከብ እ.ኤ.አ. በ1628 ለመጀመሪያ ጊዜ ስትወጣ ከወደቡ ብዙም ሳትርቅ ሰጠመች። የተሠራችው ለንጉሥ ክብር ነበር፤ ላይዋ ከብዶ ታችዋ ስለቀለለ ነፋስ ገለበጣት። ከ333 ዓመት በኋላ በ1961 ከባሕር ወጣች። አገሩ ሙዚየም ሠራላትና ውርደቱን ለዓለም ያሳያል። ያላማረ ታሪክ አይደበቅም፤ ያስተምራል፣ ገንዘብም ያመጣል።

ከቫሳ ጥቂት ራመድ ሲሉ ስካንሰን ነው። አርቱር ሃዜሊዩስ የሚባል ሰው ባቡርና ፋብሪካ የገጠሩን ኑሮ ሲለውጡት አየ። እ.ኤ.አ. በ1891 ከየክፍለ አገሩ አሮጌ ቤት እያስነቀለ እያመጣ እዚህ ኮረብታ ላይ ተከለ። ዛሬ 150 ያህል ቤት አለ። በዘመኑ ልብስ የለበሱ ሠራተኞች ዳቦ ይጋግራሉ፣ ብርጭቆ ይነፋሉ። ደስ የሚል ቦታ ነው። ሆኖም አንድ ነገር ይጎድለዋል፦ ጎረቤት። ማታ በሩ ሲዘጋ እሳት ልጫር የሚል፣ ለቅሶ የሚደርስ፣ ልጅ የሚቆጣ ሰው የለም። ቤት ነቅሎ ማምጣት ይቻላል፤ ሰፈር ነቅሎ ማምጣት ግን አይቻልም።

ሁለተኛው ቀን ለመሐል ከተማው ነው። ከዋናው ባቡር ጣቢያ ወጥቶ ጥቂት የሄደ ሰው ሴርየልስ ቶሪ የሚባል አደባባይ ያገኛል፤ ኮንክሪት፣ መስታወት፣ የመኪና መንገድ። አጠገቡ አምስት ተመሳሳይ ፎቆች ተደርድረዋል። የዚህ አካባቢ ስም ክላራ ነበር። ጋዜጠኞች፣ ገጣሚዎች፣ ማተሚያ ቤቶች፣ ትንንሽ ሱቆች፣ ርካሽ ቡና ቤቶች የሞሉበት ሰፈር ነው። ከ1950ዎቹ እስከ 1970ዎቹ ባለው ጊዜ በዚህ መሐል ከተማ ከ700 በላይ ቤቶች ፈርሰዋል።

ምክንያት አልጠፋም። ቤቶቹ አርጅተዋል ተባለ፤ እውነትም ብዙዎቹ መጸዳጃ ያልተሟላላቸው ነበሩ። የምድር ውስጥ ባቡር ማለፍ አለበት ተባለ፤ እውነትም ባቡሩ ዛሬ 100 ጣቢያ ይዞ ከተማውን ያንቀሳቅሳል። መኪና በዝቷል፣ ባንኩና መሥሪያ ቤቱ ቦታ ይፈልጋል ተባለ። እያንዳንዱ ምክንያት ለብቻው ሲታይ ትክክል ይመስላል። ተደምረው ግን ማታ ሰው የማይኖርበት መሐል ከተማ ሠሩ። የክላራ ቤተ ክርስቲያን ግን አሁንም ቆሟል፤ በግቢው የስዊድኖች ታላቅ ገጣሚ ቤልማን ተቀብሯል። ዙሪያውን የነበረው ሰው ግን የለም።

የሕዝቡ ትዕግሥት ያለቀው እ.ኤ.አ. በግንቦት 1971 ነው። ንጉሣዊው የአትክልት ቦታ ውስጥ ለባቡር ጣቢያ መግቢያ ሲባል ጥንታዊ ዛፎች ሊቆረጡ ሆነ። ሰው ሌሊት ወጥቶ ዛፎቹን ከበበ፣ ላያቸውም ላይ ወጣ። ፖሊስ መጣ፣ መጋዝ መጣ፣ ግብግብ ሆነ። በመጨረሻ የከተማው አስተዳደር ዕቅዱን ተወ፤ መግቢያው ወደ ሌላ ቦታ ዞረ። ዛሬም ከእነዚያ ዛፎች ሥር ሻይ ይጠጣል። ከዚያ ወዲህ በስቶክሆልም ሰፈር ማፍረስ እንደ ቀድሞው ቀላል አልሆነም።

እዚህ ላይ የአዲስ አበባ ሰው ካዛንቺስን ማሰቡ አይቀርም። ስሙ የመጣው ጣልያን ለመንግሥት ሠራተኞች ካሠራቸው ቤቶች መጠሪያ ነው። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ፣ በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ ካዛንቺስ በኮሪደር ልማቱ ፈረሱ። ምክንያቱ እዚህም አልጠፋም። ጣሪያው ያፈስ ነበር፣ ሽንት ቤቱ የጋራ ነበር፣ መንገዱ ጠባብ ነበር። የቀበሌ ቤት ኑሮን ያልኖረበት ሰው ብቻ ነው ያ ኑሮ እንዲሁ ይቀጥል የሚለው።

ጥያቄው ያለው ሌላ ቦታ ነው። የስቶክሆልም ሰፈር ሀብቱ ድንጋዩና ግንቡ ነበር። የአዲስ አበባ ሰፈር ሀብቱ ጭቃው ወይም ቆርቆሮው አይደለም፤ እድሩ ነው። ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ብረት ድስቱ፣ የአርባ ዓመት መዋጮው፣ ሌሊት ቢጠራ የሚመጣው ሰው ነው። አዲሱ ቤት ቧንቧና መጸዳጃ ይኖረዋል። ግን አንዱ ጎረቤት በከተማው አንድ ዳር፣ ሌላው በሌላው ዳር ዕጣ ከደረሳቸው፣ ለቅሶ የሚደርሰው ማን ነው? ይህን ማዳን ከሙዚየም የረከሰ ነው። አብሮ የኖረን ሰው አብሮ ማስፈር፣ ሳይፈርስ ፎቶ ማንሳት፣ ሽማግሌ ሳያልፍ ታሪኩን መቅዳት፣ ከመቶ ቤት አንዱን ማስቀረት። ስቶክሆልም ይህን ለመማር ሃያ ዓመት ፈጅቶባታል። አዲስ አበባ ከእሷ ብትማር ሃያ ዓመት ይቀርላታል።

ተጓዡ ከመመለሱ በፊት አንድ የመጨረሻ ቦታ ቢያይ መልካም ነው፤ ያው ዛፎቹ ያስነሱት ጣቢያ። ኩንግስትሬጎርደን ይባላል። ቁልቁል ሲወረድ በአለቱ መሐል የድንጋይ ምስሎችና የሕንፃ ስብርባሪዎች ይታያሉ። አንዳንዶቹ ከፈረሱት የከተማው ቤቶች የተረፉ ናቸው። ሕዝቡ በየቀኑ በአጠገባቸው ወደ ሥራ ያልፋል፤ ቆም ብሎ የሚያያቸው ግን ከስንት አንዱ ነው።

ከዚያ ወደ አየር ማረፊያ፣ ከዚያም ወደ ቦሌ። ከቦሌ ወደ መስቀል አደባባይ ሲመለስ ረዳቱ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ «ወሎ ሰፈር» እያለ ይጣራል። ካዛንቺስም ገና ይጠራል። ጠሪው እስካለ ድረስ፣ እዚያ ማን ይኖር እንደነበር የሚጠይቅ ልጅ አይጠፋም። መልሱን የሚያውቅ ሰው እንዲኖር ግን ዛሬ መጻፍ አለበት።