እርማትና ስድብ

ክርክር ወደ ጠብ በዞረ ቁጥር «ድሮ እኮ መከባበር ነበር» ማለት ይቀናናል። እኔ በዚህ አባባል ብዙም አላምንም። አባቶቻችንም እንደኛው ይቀናኑ፣ ይነቋቆሩ፣ ሲከፋም ይሰዳደቡ ነበር። ግን አንዳንድ ቦታ ላይ ንዴታቸው ሳይጣራ እንዳያልፍ ወንፊት አበጅተውለት ነበር። ከነዚህ ቦታዎች አንዱ የጎጃም ቅኔ ቤት ነው።

ከመራዊ እስከ ቡሬና ፍኖተ ሰላም ባለው አገር የቆሎ ተማሪ እንግዳ ፍጡር አይደለም። ደበሎውን ደርቦ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ውሻ እየተከላከለ ቁራሽ የሚለምነው ልጅ ዋሸራ ወይም ጎንጅ የሚማረው ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ቅኔ ብርቱ ሙያ ነው። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት አለው፤ መወድስ ስምንት። ግሱ መስማማት፣ ሰሙ ከወርቁ መግጠም፣ ዜማው መሙላት አለበት። ተማሪው ቀን ሜዳ ወይም ዛፍ ሥር ብቻውን ተቀምጦ ይቆጥራል፤ ከዚያ የቆጠረውን ለአስነጋሪው ወይም ለየኔታ ይነግራል። ቅኔው አዲስ መሆን አለበት፤ የሌላውን ደግሞ መምጣት ነውር ነው።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ። ያ ልጅ ሲለፋበት የዋለው ቅኔ በጓደኞቹ ፊት ይፈርሳል። «ግሱ አልተስማማም፤ ሰሙ ከወርቁ አልገጠመም» ይባላል። የሚፈርሰው ግን ቅኔው ነው፤ ልጁ ነገ ሌላ ቅኔ ይዞ ይመጣል። የኔታ ቁጡ ሊሆኑ ይችላሉ፣ አለንጋም አይጠፋም። ቢሆንም እርማቱ የሚያርፈው በሰዋስዉ ላይ ነው፤ የልጁ ዘርና አገር ለቅኔው ስህተት ማስረጃ ሆኖ አይቀርብም። እማሆይ ገላነሽ ሐዲስን አስቡ። ሴት ናቸው፣ ዓይነ ስውር ናቸው፤ ግን በጎጃም ጽላሎ የአባታቸውን ወንበር ወርሰው ለወንዶች ቅኔ አስተማሩ። በዚያ ዘመን ሌላ በር ሁሉ ተዘግቶባቸው ሳለ ይህ የተከፈተው ሥራቸው ስለተመዘነ ነው።

ታዲያ ስድብ አልነበረም ወይ? ነበር እንጂ! በሰሙ ቅዱስ የሚያወድስ፣ በወርቁ ባላንጣን የሚሸነቁጥ ቅኔ ሞልቷል። ነገር ግን ተሳዳቢው ንዴቱን በግዕዝ ሰዋስው ውስጥ ማሳለፍ ነበረበት። ቤቱን የሳተ ስድብ የሚያዋርደው ራሱን ተሳዳቢውን ነው። የተሰደበውም እዚያው ተቀምጧል፤ መልስ አለው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ለሁለቱም እኩል የሚያርም ሊቅ በመካከል አለ። «ዳኛ ሲገኝ ተናገር፣ ውሃ ሲጎድል ተሻገር» የሚባለው ለዚህ ይመስለኛል።

ዳኛው ሰይፍ ሲይዝስ? የቅባትና የተዋሕዶ ክርክር ከእነዚሁ ጉባኤ ቤቶች በወጡ ሊቃውንት የተካሄደ ረቂቅ የቃልና የትርጉም ክርክር ነበር፤ ጎጃም ደግሞ የቅባት ዋና ምሽግ ነበረች። ውሎ አድሮ ግን አንድ ቃል የወገን መጠሪያ ሆነ፤ ደምም ፈሰሰ። በ1870 ዓ.ም. ቦሩ ሜዳ ላይ አፄ ዮሐንስ ባስቆሙት ጉባኤ ከእስክንድርያ የመጣ ደብዳቤ ተነቦ ሦስት ልደቶች ተረቱ። የተረታው ወገን «ነገ ሌላ ቅኔ ይዤ እመጣለሁ» ማለት አልቻለም፤ ምርጫው መታዘዝ ወይም መቀጣት ነበር።

ዳኛ ጨርሶ ሲጠፋ የሚሆነውን ደግሞ የኔ ትውልድ በልጅነቱ አይቶታል። በ1968 ዓ.ም. አዲስ ዘመን ጋዜጣ «አብዮታዊ መድረክ» የሚል ዓምድ ከፍቶ ነበር። የመኢሶንና የኢሕአፓ ሰዎች በብዕር ስም እየጻፉ ተከራከሩበት። ጥያቄው ቁም ነገር ነበረው፦ ዴሞክራሲያዊ መብት ያለ ገደብ ለሁሉም ይሰጥ ወይስ አይሰጥ? ተከራካሪዎቹ ብዙዎቹ አብረው የተማሩ፣ አንድ ዓይነት መጽሐፍ ያነበቡ ናቸው። ይሁንና ጽሑፉን ከማረም ይልቅ ጸሐፊውን መሰየም ቀለለ። አንዱ «ባንዳ» አለ፣ ሌላው «አናርኪስት» አለ። ከላይ ሆኖ የሚያየው ደርግ ጠመንጃ እንጂ እርማት አልነበረውም። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. እነዚያ ስሞች ሰው መግደያ ሆኑ። በቀይ ሽብር አስከሬን ላይ ወረቀት ሲለጠፍ ወረቀቱ የያዘው መጠሪያ እንጂ መከራከሪያ አልነበረም።

ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር በነበረበት ጊዜ ተማሪዎቼ በድርሰታቸው ላይ ቀይ መስመር ሲያዩ ፊታቸው ይጠቁር ነበር። «ጠላኝ» ይላሉ። አስተማሪዎችም ከዚህ አንሻልም፤ ጥናቱ የተተቸበት ባልደረባ ሰላምታ ሲነፍግ አይቻለሁ። እርማትን ከጥላቻ የሚለይልን ልማድ ከቅኔ ቤቱ ወደ ዘመናዊው ትምህርት ቤት አብሮን አልመጣም። ወንበሩንና ጥቁር ሰሌዳውን አመጣን፤ የኔታ ፊት ቆሞ ሥራን ማስፈረስንና በማግስቱ መመለስን ግን እዚያው ትተነው መጣን።

ቅኔ ቤቱ ገነት አልነበረም፤ ወደዚያ እንመለስ ለማለትም አይደለም። ሰው ሲሳሳት «ይህ ቃል እዚህ ቦታ አይገባም» ብሎ ጣቱን ቃሉ ላይ ማሳረፍን ግን ከቆሎ ተማሪ መማር የሚያሳፍር አይመስለኝም።