ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን

ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን፣ የኢትዮጵያ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የነበሩት ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ የጃፓንን ታሪክና ሥርዓተ መንግሥት ለኢትዮጵያውያን አንባብያን ለማስረዳት ጽፈው በ1924 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ያሳተሙት የጉዞ መጽሐፍ ነው። ደራሲው በዚያው ዓመት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልዩ መልእክተኛ ሆነው ወደ ንጉሠ ነገሥት ሂሮሂቶ በተላኩ ጊዜ ያዩትንና የሰሙትን መሠረት አድርገው፣ ሁለቱ መንግሥታት ከጥንት ሲወርድ ሲዋረድ በመጣ ዘውድና ከባዕዳን ተለይተው በኖሩበት ዘመን እንደሚመሳሰሉ ያስረዳሉ። ጃፓን ከ1868 እ.ኤ.አ. የሜይጂ ተሐድሶ ወዲህ ዘውዷን እንደ ጠበቀች የምዕራባውያንን ጥበብ ገንዘብ ማድረጓ ለዘመኑ ኢትዮጵያውያን ምሁራን አርአያ ስለ ነበረ፣ መጽሐፉ፣ በ1889 እ.ኤ.አ. የሜይጂ ሕገ መንግሥት አብነት ከተረቀቀው የ1923 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት ጋራ፣ የዚህ አስተሳሰብ ዐቢይ ምስክር ሆኖ ይቈጠራል። በ1934 እ.ኤ.አ. በጃፓንኛ ተተርጕሞ ታትሟል።