በጎማው ጎን ላይ የተጻፈው ታሪክ

ውድ ኤስዩቪ ከፋብሪካ ሲወጣ የተገጠመለትን ጎማ የመረጠው ባለንብረቱ አይደለም። የመረጠው መኪና ሠሪው ነው፤ ሲመርጥም የራሱ ሒሳብ አለው። በመንግሥት የነዳጅ ፍጆታ ፈተና ጥሩ ውጤት እንዲያስገኝለት በቀላሉ የሚሽከረከር፣ ደንበኛው በመጀመሪያው ቀን ሲነዳው ድምፅ የማያሰማ ጎማ ይሻል። ባለንብረቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ራሱ የሚመርጠው ጥርሱ ካለቀ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ሻጩ «ለአራቱም ወቅት የሚሆን» እያለ ብዙ ዓይነት ይደረድርለታል፤ ማመሳከሪያ የሚሆኑት ግን በጎማው ጎን ላይ የተቀረጹት ጥቂት ቁጥሮችና ፊደላት ናቸው። ለተመልካች የመሐንዲስ ማስታወሻ ይመስላሉ። አብዛኞቹ ግን በሻጭ፣ በገዢና በመንግሥት መካከል ከተካሄደ ረጅም ሙግት የተረፉ ናቸው።

ጆርጅ አከርሎፍ በ1970 (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ባሳተመው ዝነኛ ጥናት፣ ሻጩ የሚያውቀውን ገዢው በማያውቅበት ገበያ ጥሩው ዕቃ በመጥፎው እየተገፋ ሊወጣ እንደሚችል ሲያስረዳ ምሳሌ ያደረገው ያገለገሉ መኪናዎችን ነበር። ጎማ ከዚያም ይብሳል። አሮጌ መኪና የገዛ ሰው በወራት ውስጥ መታለሉን ይረዳል። ጎማ የገዛ ሰው ግን ምን እንደገዛ የሚያውቀው ምናልባት በአንድ ዝናባማ ምሽት፣ ፍሬን በረገጠባት ቅጽበት ነው። ያን ጊዜም ቢሆን ያንሸራተተው ጎማው ይሁን ፍጥነቱ ወይም መንገዱ ለይቶ ሊያውቅ አይችልም።

የአሜሪካ ኮንግረስ ይህን ክፍተት ለመድፈን የሞከረው በ1966 ነው። በዚያ ዓመት የወጣው የመኪና ደኅንነት ሕግ፣ ወጥ የሆነ የጎማ ጥራት ደረጃ በሁለት ዓመት ውስጥ እንዲዘጋጅ አዘዘ። ሁለቱ ዓመታት ከአሥር በላይ ሆኑ። ጎማ አምራቾች ደንቡን በፍርድ ቤት ተሟገቱት፤ ሥራ ላይ መዋል የጀመረውም በ1970ዎቹ መጨረሻ ነው። ሦስት ነገሮችን ይመዝናል፦ የጥርሱን ዕድሜ፣ በእርጥብ መንገድ ላይ የመያዝ አቅሙን፣ ሙቀትን የመቋቋም አቅሙን። የጥርሱ ዕድሜ የሚለካው በቴክሳስ፣ ሳን አንጀሎ አካባቢ፣ በተከታታይ በሚጓዙ መኪናዎች ላይ ለ7,200 ማይል ያህል በመንዳት ነው። መነሻው 100 ሲሆን 300 የተሰጠው ጎማ በፈተናው ሦስት እጥፍ ይቆያል እንደማለት ነው።

ችግሩ ፈታኙም ተፈታኙም አንድ መሆናቸው ነው። ደረጃውን የሚሰጠው አምራቹ ራሱ ሲሆን መንግሥት የሚቆጣጠረው ጎማው ከተጻፈለት በታች እንዳይሆን ብቻ ነው። አምራቹ ለገበያ ስልት ሲል ዝቅ አድርጎ ቢጽፍ የሚከለክለው የለም። ስለዚህ የአንዱን ኩባንያ 500 ከሌላው 600 ጋር ማወዳደር ደካማ መሠረት ላይ መቆም ነው፤ የአንድ ኩባንያ ጎማዎችን እርስ በርስ ለማነጻጸር ግን ይጠቅማል። መንግሥት በ1983 የጥርስ ዕድሜውን ደረጃ አገደው፤ በቀጣዩ ዓመት የዋሽንግተን ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት እገዳው በቂ ምክንያት የለውም ብሎ ሻረው። ቁጥሩ ዛሬም በጎማው ላይ ያለው በዚህ ፍርድ ነው።

«ለአራቱም ወቅት» የሚለው ስም ደግሞ ከሕግ ሳይሆን ከንግድ የመጣ ነው። ጉድይር በ1977 ቲየምፖ የተባለውን ጎማ ለገበያ ሲያቀርብ፣ በሰሜናዊ ግዛቶች በየኅዳሩ እና በየሚያዝያው ጎማ ለሚቀያይረው ቤተሰብ ከሁለት ስብስብ አንዱን አስቀረለት። እውነተኛ ቁጠባ ነበር። ነገር ግን ከስሙ ጋር የተለመደው «ኤም ፕላስ ኤስ» (ጭቃና በረዶ ማለት ነው) የሚገልጸው የጥርሱን ቅርጽና ክፍተት እንጂ በበረዶ ላይ የተለካ አቅምን አይደለም። የተለካ አቅምን የሚያሳየው፣ ባለ ሦስት ጫፍ ተራራ ውስጥ የተሣለው የበረዶ ቅንጣት፣ በአሜሪካና በካናዳ አምራቾች ማኅበራት ስምምነት የመጣው በ1999 ነው። እርሱም ቢሆን የሚለካው መኪናው በበረዶ ላይ ወደፊት ሲጎተት ነው። በአራቱም ጎማ የሚነዳ ከባድ መኪና የያዘ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ አራቱ ጎማዎች መነሣትን ያግዛሉ፣ ከሁለት ቶን በላይ የሚመዝነውን መኪና ማቆም ግን የፍሬኑና የጎማው ጉዳይ ነው።

የዚህ ታሪክ ከባዱ ምዕራፍ የፎርድ ኤክስፕሎረርና የፋየርስቶን ነው። ፋየርስቶን ነሐሴ 9 ቀን 2000 ወደ 6.5 ሚሊዮን የሚጠጉ ጎማዎችን መልሶ መሰብሰብ ጀመረ፤ የፌዴራሉ የመንገድ ደኅንነት ባለሥልጣን ከእነርሱ ጋር ያያያዘው ሞት በኋላ ከ270 በላይ ደረሰ። ጥርሱን የያዘው ሽፋን በሙቀትና በፍጥነት ይላቀቅ፣ መኪናውም ይገለበጥ ነበር። ፎርድ ለመኪናው የመከረው የአየር ግፊት 26 ፒ.ኤስ.አይ ሲሆን ፋየርስቶን 30 ይሻል ነበር አለ፤ ፎርድ ጥፋቱን በጎማው ላይ አደረገ። በጎማዎቹ ጎን ላይ የሙቀት ደረጃቸው «ሲ»፣ ማለትም ሕግ የሚፈቅደው ዝቅተኛው መሆኑ ተጽፎ ነበር። መረጃው ለሁሉም ተገልጧል፤ አንብቦ ጎማውን የመረጠው ግን ገዢው ሳይሆን መኪና ሠሪው ነበር።

ከሁሉ የሚያስቆጨው የባሕረ ሰላጤው ክፍል ነው። ፎርድ በሳዑዲ ዓረቢያና በአጎራባች አገሮች ጎማዎቹን መቀየር የጀመረው በ1999፣ ማለትም ከአሜሪካው መሰብሰብ አንድ ዓመት ቀድሞ ነው። የአሜሪካ ሕግ በውጭ አገር የተደረገውን እንዲያሳውቅ ስላላስገደደው ባለሥልጣኑ አላወቀም። በኅዳር 2000 የወጣው ሕግ ይህን ግዴታ አደረገ፤ ግፊት ሲቀንስ የሚያስጠነቅቀውን መብራትም ያስገደደው እርሱ ነው። ይህም መብራት የሚበራው ግፊቱ ከተመከረው በ25 በመቶ ሲወርድ ነው፦ በሾፌሩ በር ላይ 36 የተጻፈበት መኪና 27 እስኪደርስ ዝም ይላል።

አውሮፓ ዘግይታ ገባች፣ መንገዷም የተለየ ነው። ከ2012 ጀምሮ እያንዳንዱ ጎማ የነዳጅ፣ የእርጥብ መንገድና የድምፅ ደረጃውን በመለያ ወረቀት ይዞ ይሸጣል፤ ጀርመንም ከጥቅምት 2024 ወዲህ በክረምት መንገድ ላይ «ኤም ፕላስ ኤስ» ብቻውን አይበቃም ትላለች። የጥርስ ዕድሜ ግን በአውሮፓው መለያ ላይ የለም፤ እርጥብ መንገድ ላይ በደንብ የሚይዘው ጎማ ፈጥኖ የሚያልቅ ከሆነ ወረቀቱ አይናገርም። ለከባድ ኤስዩቪ ወሳኝ የሆነው የጭነት ቁጥርም በማስታወቂያ ላይ ጎልቶ አይታይም፤ ከመጠኑ ቀጥሎ በትንሹ ተጽፎ ይገኛል፣ አዲሱ ጎማ ከፋብሪካው ቁጥር በታች ሊሆንም አይገባም። የምርቱ ሳምንትና ዓመት በአራት አኃዝ የተጻፈው ደግሞ በአንደኛው ጎን ብቻ ሊሆን ስለሚችል፣ አንዳንዴ ወደ ውስጥ ዞሮ ተገጥሞ ይገኛል።

ሁሉም ደረጃዎች የሚለኩት በአዲስ ጎማ ላይ ነበር። ጥርሱ ያለቀ ጎማ በእርጥብ መንገድ ላይ እንዲፈተን የአውሮፓ ሕግ ያስገደደው በ2024 ነው፤ ያውም አዲስ ለሚመዘገቡ ዓይነቶች።