ወዳጅነት ወደ ፍቅር ሲሻገር

ደራሲ የመጨረሻውን አራት ነጥብ ካኖረ በኋላ ታሪኩ የማን ነው? ሁለት የልብ ወዳጆች ባሉበት ድርሰት ሁሉ ይህ ጥያቄ ተደራሲንና ደራሲን ሲያከራክር ኖሯል። የክርክሩም ጭብጥ አንድ ነው፤ እነዚህ ሁለት ሰዎች ለምን ፍቅረኞች አልሆኑም?

አሜሪካዊቷ ሉዊዛ ሜይ አልኮት የ«ትንንሽ ሴቶች»ን የመጀመሪያ ክፍል እ.ኤ.አ. በ1868 ባሳተመች ጊዜ፣ ጆ የተባለችው ባለታሪክ ጎረቤቷንና ጓደኛዋን ሎሪን እንድታገባ የሚማጠኑ ብዙ ደብዳቤዎች ከወጣት አንባብያት ደረሷት። የደራሲዋ ምኞት ግን ጆ እንደ እርሷ ሳታገባ በብዕሯ እንድትኖር ነበር። በ1869 በወጣው ሁለተኛ ክፍል ጆ የሎሪን ጥያቄ እንቢ ብላ በዕድሜ የሚበልጣትን ጀርመናዊ ፕሮፌሰር አገባች። አልኮት ለግፊቱ እኩሌታውን ብቻ ተረታች፤ ሠርጉን ሰጥታ ሙሽራውን ነፈገች።

የዚያ ዘመን አንባብያት ኃይላቸው ልመና ነበር። ከመቶ ዓመት በኋላ ግን ተደራሲው ራሱ ብዕር አነሣ። እ.ኤ.አ. በ1966 በአሜሪካ ቴሌቪዥን መታየት የጀመረው «ስታር ትሬክ»፣ የጠፈር መርከብ አዛዡን ካፒቴን ከርክንና ስሜቱን በአመክንዮ የሚገዛውን ስፖክን፣ አንዱ ለሌላው ነፍሱን ለመስጠት የማያመነታ ወዳጆች አድርጎ አቀረበ። በ1967 «ስፖካናሊያ» የተባለው የአድናቂዎች መጽሔት ወጣ፤ ሌሎችም ተከተሉት። ለብዙዎቹ ማተሚያ ቤት አላስፈለጋቸውም። የታይፕ ጥርስ በሰም የተቀባውን ስቴንስል ይቀርጸዋል፤ ቀለሙ በተቀረጸው በኩል ሰርጎ ወረቀቱ ላይ ያርፋል። በኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች የፈተና ወረቀት ያባዛ የነበረው መሣሪያ፣ በዚያ ደግሞ ደብዳቤ ጸሐፊውን ታሪክ ጸሐፊ አደረገው።

በ1974 «ግረፕ» በተባለ የአድናቂዎች መጽሔት ሁለቱን ወንዶች እንደ ፍቅረኞች የሚያሳይ አጭር ታሪክ ወጣ። ስማቸው አልተጠቀሰም፤ አንባቢ ግን ለይቷቸዋል። የድራማው ፈጣሪ ጂን ሮደንቤሪ በ1979 ባሳተመው ልብ ወለድ የግርጌ ማስታወሻ ጉዳዩን አነሣው። በዚያ ላይ ከርክ ፍቅረኞች ናቸው መባሉን ያስተባብላል፤ ነገር ግን በስፖክ ቋንቋ አንዱ ቃል ጓደኛም፣ ወንድምም፣ ፍቅረኛም ማለት ሊሆን እንደሚችል ይነገራል። በሩ ተዘጋ፤ ቁልፉ ግን በሩ ላይ ቀረ።

ክርክሩ በተደራሲያን መካከልም ገባ። በ1993 የጀመረው «ኤክስ ፋይልስ» የሥራ ባልደረቦች የሆኑትን የምርመራ ቢሮ ሠራተኞች ሞልደርንና ስከሊን ሲያቀርብ፣ ተመልካቹ በሁለት ወገን ተሰለፈ። አንደኛው ወገን ፍቅራቸውን የሚሹ ድርሰቶችን ጻፈ፤ ሁለተኛው በሥራ የተፈተነ መተማመን ያለ ፍቅር ጨዋታም ምሉዕ ነው ሲል ተቃወመ።

አማርኛ ይህን ድንበር ቀድሞ ያውቀዋል። «ወደደ» ከሚለው ግስ የወጣው «ወዳጅ» ጓደኛንም ፍቅረኛንም ይሰይማል፤ መለየት ሲያስፈልግ ነው «የከንፈር ወዳጅ» የሚባለው። ስለዚህ ሁለቱም ወገኖች የያዙት እውነት አለ። ለፍቅር ከዓመታት መተማመን የጸና መሠረት አይገኝም። ዳሩ ግን መሠረት ሁሉ ሌላ ፎቅ ይጠብቃል ማለት አይደለም። ጆና ሎሪ ሳይጋቡ ቀሩ፤ ሎሪ እኅቷን ኤሚን አገባ። ወዳጅነታቸው ግን አልፈረሰም። አልኮትን የተማጠኑት አንባብያት ያጡት ሠርጉን ነበር፤ ጆና ሎሪ አንዳቸው ሌላውን አላጡም።