«ጆሮሽን አውጪ»፦ የጉርድ ፎቶ ታሪክና የሒጃባችን ጉዳይ

 

ባለፈው ዓመት ረመዳን ሊገባ ሁለት ወር ሲቀረው አንዲት የሞርሲቶ እናታችን ለዑምራ ተነሱ። ልጆቻቸው ከውጭ ገንዘቡን ልከዋል፣ ጎረቤቱ በዱዓ ሸኝቷቸዋል፣ የቀረው ወረቀት ብቻ ነበር። አብረናቸው ፎቶ ቤት ገባን። ነጩ መጋረጃ ፊት ተቀመጡ፤ ሻሻቸውን አስተካከሉ፤ ከግንባራቸው እስከ አገጫቸው ፊታቸው እንደ ጨረቃ ይታያል። ፎቶ አንሺው ልጅ ካሜራውን አነሳና መልሶ አወረደው። «እማማ፣ ጆሮዎ ካልታየ አይቀበሉም» አላቸው።

«ልጄ፣ ሰባ ዓመት ያልታየ ጆሮ ለማን ነው የማሳየው?» አሉት። ልጁም ሳቀ፤ እኛም ሳቅን። እንዳሉት ጆሯቸው ሳይታይ ተነሱ። ወረቀቱን ወደሚሰጠው መሥሪያ ቤት ስንደርስ ግን ሳቃችን ጠፋ። መስኮቱ ላይ የነበረው ሰው ፎቶውን በጣቱ ገፍቶ መለሰው። በሳምንቱ ሄድን፣ መለሰን። በሦስተኛው ጊዜ መስኮቱ ላይ ሌላ ሰው አገኘን፤ ያንኑ ፎቶ ምንም ሳይል ተቀበለን። በመመላለሱ ግን ረመዳን አለፈ። እናታችን ዑምራቸውን ያደረጉት ከሸዋል በኋላ ነው፤ መካ ላይ ለመጾም የነየቱት ሳይሆንላቸው ቀረ።

ያን ጊዜ ነው «ይህቺ ጆሮ ከየት መጣች?» ብለን መጠየቅ የጀመርነው።

አባቶቻችን ያለ ፎቶ ነው ዓለምን የዞሩት። የማንነታቸው ማረጋገጫ ስማቸው ነበር። በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ኢብን ፈድሉላህ አል-ዑመሪ ስለ ሀገራችን ሙስሊም መንግሥታት ሲጽፍ ሀዲያን ከሰባቱ አንዷ አድርጎ ቆጥሯታል፤ ይህን ከነገሩት ሰዎች አንዱ የሚታወቁት ሸይኽ ዐብደላህ «አል-ዘይለዒ» ተብለው ነው። ካይሮ አዝሀር ውስጥ የሀገራችን ተማሪዎች የሚያድሩበት ክፍል «ሪዋቅ አል-ጀበርት» ይባል ነበር። ታላቁ የግብፅ ታሪክ ጸሐፊ ዐብዱረሕማን አል-ጀበርቲም ከዚሁ ወገን የተወለዱ ናቸው። የትውልድ ሀገር በስም ላይ ይለጠፋል፣ የሚያውቅህ ሰው ይመሰክርልሃል፣ አለቀ። በአፄ ምኒልክ ዘመንም ኬላ ላይ የሚጠየቀው ማኅተም ያረፈበት የይለፍ ወረቀት ነበር እንጂ መልክ አልነበረም። «ማን ነህ?» ለሚለው መልሱ «የእገሌ ልጅ፣ ዋሴ እገሌ» ነው።

ፎቶን ፓስፖርት ላይ ያስለጠፈው የአውሮፓ ጦርነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1914 ካርል ሎዲ የተባለ ጀርመናዊ ሰላይ ቻርልስ ኢንግሊስ በተባለ አሜሪካዊ ስም በወጣ ፓስፖርት እንግሊዝ ገባ። ፓስፖርቱ ላይ ፎቶ አልነበረምና ማን ማንን እንደሆነ የሚለይ ነገር አልተገኘም። በኋላ ተይዞ በኅዳር ወር ለንደን ታወር ውስጥ ተረሸነ። በዚያው ዓመት መጨረሻ አሜሪካ፣ በ1915 ደግሞ እንግሊዝ ፓስፖርት ላይ ፎቶ ግዴታ አደረጉ። ያኔ ደንብ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ሰው ባርኔጣ አድርጎ የተነሳውን፣ ከቤተሰብ ፎቶ ላይ ቆርጦ ያወጣውን ሁሉ ይለጥፍ ነበር። አራት ማዕዘኗ ወረቀት፣ ነጩ መጋረጃ፣ የተዘጋው አፍ፣ ይህ ሁሉ በኋላ የመጣ ነው።

ጆሮዋስ? ጆሮዋ ከፓስፖርትም በዕድሜ ትበልጣለች፤ የመጣችው ከፖሊስ ጣቢያ ነው። በ1880ዎቹ ፓሪስ ውስጥ አልፎንስ ቤርቲዮን የተባለ የፖሊስ ሠራተኛ ወንጀለኞችን የሚለይበት ዘዴ ፈጠረ። የአካላቸውን ልክ ይለካል፤ አንድ ፎቶ ከፊት፣ አንድ ከጎን ያነሳቸዋል። ከጎን ያነሳቸው ለጆሮ ሲል ነው። የሰው ጆሮ ከሰው ጆሮ አይመሳሰልም፣ በዕድሜም ብዙ አይለወጥም ብሎ ያምን ነበር። የጣት አሻራ መጥቶ ልኬቱን ቢሽረውም ጆሮዋ አልተሻረችም። የአሜሪካ የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት ለግሪን ካርድ የሚቀርብ ፎቶ ፊት ትንሽ ዞር ብሎ ቀኝ ጆሮ እንዲታይበት ይጠይቅ ነበር፤ ይህን የተወው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። የኛ ፎቶ ቤቶች ደግሞ ለስንት ዓመት የአሜሪካ ወረቀት የሚያሟላ ሰው ሲያነሱ እንደኖሩ የምታውቁት ነው። በኛ ግምት «ጆሮ ይታይ» የሚለው ወሬ ከፎቶ ቤት ወደ ፎቶ ቤት፣ ከመስኮት ወደ መስኮት እየተላለፈ እዚህ የደረሰው በዚህ መንገድ ነው። ባለቤቱ ከተወው ሃያ ዓመት አልፎታል፤ እኛ ሀገር ግን አሁንም እናቶቻችንን ከመስኮት ይመልሳል።

ዛሬ ፓስፖርት የሚያወጡ መንግሥታት ሁሉ የሚከተሉት መለኪያ አለ። ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት በማሽን የሚነበብ ፓስፖርት ምን መምሰል እንዳለበት የሚገልጸውን ሰነድ መጀመሪያ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1980 ሲሆን ቁጥሩ 9303 ነው። በእጅ የተጻፉ ፓስፖርቶች በየሀገሩ ከኅዳር 2015 እ.ኤ.አ. በኋላ እንዳይሠሩ የተደረገው በዚሁ ድርጅት ውሳኔ ነው። በ2003 ደግሞ በፓስፖርት ቺፕ ላይ የሚቀመጠው ዋና መለያ ፊት እንዲሆን ተስማሙ። «አትሳቅ፣ አፍህን ዝጋ፣ ቀጥ ብለህ እይ» የሚባለው ከዚህ የተነሳ ነው፤ ፊትን የሚያወዳድረው ኮምፒውተር ፈገግታ ያስቸግረዋል። ሰነዱ የሚጠይቀው ከሁለቱም ወገን እኩል ብርሃን ያረፈበት፣ ጥላ የሌለው፣ ዓይን የተከፈተበት ሙሉ ፊት ነው። የራስ መሸፈኛን በተመለከተ መከልከሉን መነሻ ያደርግና፣ ፎቶውን የሚቀበለው መንግሥት በሃይማኖት፣ በሕክምና ወይም በባህል ምክንያት ሊፈቅድ እንደሚችል ይገልጻል። ጆሮን ግዴታ አላደረገም። እንግሊዝም፣ አሜሪካም፣ ካናዳም ፊቷ በሙሉ እስከታየ ድረስ ሒጃብ ያደረገችን ሴት ፎቶ ይቀበላሉ።

እንግዲህ ጥፋቱን ሁሉ በመስኮቱ ማዶ ባለው ሰው ላይ ብቻ እንዳንጥል፣ የራሳችንንም ጓዳ እንይ።

ካሜራ ሐረም የደረሰው ገና ድሮ ነው። ሙሐመድ ሷዲቅ የተባሉ ግብፃዊ መኮንን መዲናን እ.ኤ.አ. በ1861፣ መካን ደግሞ ከሃያ ዓመት በኋላ ፎቶ አንስተዋል። ዑለማዎች ግን በጉዳዩ ተለያዩ። የግብፅ ሙፍቲ የነበሩት ሸይኽ ሙሐመድ በኺት አል-ሙጢዒ ፎቶግራፍ ጥላን መያዝ እንጂ መፍጠር አይደለም፣ እንደ መስታወት ነው ብለው የፈቀዱበትን ኪታብ ጻፉ። ሸይኽ ኢብን ባዝ ረሒመሁላህ በፎቶ ጉዳይ ጥብቅ ከሆኑት ወገን ነበሩ፤ እሳቸውም ቢሆኑ ለመታወቂያና ለፓስፖርት የሚሆነውን ለዶሩራ ሲባል ፈቅደዋል። የከለከሉትም የፈቀዱትም እዚህ ነጥብ ላይ ሲደርሱ ይቀራረባሉ።

ወደ ገጠራችን ስንመጣ ግን ክልከላው ቀረ፣ ፈቃዱ ሳይደርስ ቀረ። «ሴት ልጅ ፎቶ አትነሳም» የሚል አባት ያልነበረበት ቀበሌ የት ነው? የዚህ ዋጋው መሬት ላይ ታየ። በቀድሞው ደቡብ ክልል የገጠር መሬት ይዞታ ደብተር መሰጠት ሲጀመር ደብተሩ ላይ የባልና የሚስት ፎቶ ጎን ለጎን የሚለጠፍበት ቦታ ነበረው። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ማንበብ የማትችል ሴት እንኳ መልኳ ደብተሩ ላይ ካለ ማንም «የአንቺ አይደለም» ሊላት አይችልም። ፎቶው «ሐራም ነው» ተብሎ የቀረባት እህት ባሏ ሲሞት ወይም ሲፈታት በምን ታስረዳለች? ሸሪዓ የሰጣትን ድርሻ በዲን ስም ያሳጣናት እኛው ነን። ይህ እውነት ያማል፤ ግን ካልተነገረ አይድንም።

ሌላው ጫፍ ደግሞ አልጄሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 ፈረንሳይ የአልጄሪያን ገበሬዎች ከመንደራቸው አፈናቅላ በካምፕ ሰብስባ ነበር። ማርክ ጋራንዤ የተባለ ለውትድርና የተመለመለ ፈረንሳዊ ወጣት ለመታወቂያ እንዲያነሳቸው ታዘዘ። በአሥር ቀን ውስጥ ወደ 2000 ሰው አነሳ፤ አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው፤ መሸፈኛቸውን እንዲያወልቁ ተገደዱ። የሚሉት አልነበራቸውም፤ ዓይናቸው ግን ብሎታል። ፎቶዎቹ በኋላ በመጽሐፍ ታትመዋል። ያንን አተያይ ያየ ሰው ጉርድ ፎቶን ዳግመኛ እንደ ተራ ወረቀት አያይም። ፎቶ አንሺው ራሱ ከዓመታት በኋላ ወደ አልጄሪያ ተመልሶ ያነሳቸውን ሴቶች ፈልጓል።

በእኛ ሀገር ነገሩ እንዲህ ያለ ጭካኔ አልነበረበትም፣ አልሐምዱሊላህ። የኛ ሕመም ሌላ ነው፦ መቆጠር። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. አባቶቻችን አዲስ አበባ ላይ ሰልፍ ሲወጡ ከጥያቄያቸው አንዱ «በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች» መባል ይቅር፣ እኛ ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች ነን የሚል ነበር። በዓመቱ ቀበሌ ተቋቋመ፤ ከዚያ ወዲህ መታወቂያ የሌለው ሰው የሌለ ያህል ሆነ። «ሁለት ጉርድ ፎቶግራፍ» የማይጠየቅበት ጉዳይ ጠፋ፦ ለትምህርት ቤት፣ ለሥራ፣ ለባንክ፣ ለዕድር ሳይቀር።

አንድ ነገር ሁሌ ይገርመናል። ዐረብ ሀገር ለሥራ የመሄዱ ጎርፍ ሲበረታ፣ ሙስሊም ያልሆኑ እህቶች ስም ቀይረው፣ ሻሽ ጠምጥመው ለፓስፖርት ሲነሱ ያላየ የለም። የኛን እናት «ሻሽሽን ወደ ኋላ አድርጊ» የሚላት ዘመን፣ ያቺን ምስኪን ለእንጀራዋ ሲል «ሻሽ አድርጊ» ብሏታል። ሁለቱም ፊታቸውን ለወረቀት ሲሉ አስተካክለዋል። ከ2006 ዓ.ም. መጀመሪያ አንስቶ ሳዑዲ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ ፓስፖርታቸው አሠሪ እጅ የቀረባቸው ብዙዎች በሊሴ ፓሴ ነው የገቡት፤ አንዲት ወረቀት፣ አንዲት ፎቶ።

አሁን ፎቶ ቤቱም እየቀረ ነው። ለፓስፖርት አሻራና ፎቶ የሚወሰደው እዚያው መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ነው። በ2015 ዓ.ም. በወጣው የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284 የሚሠራው ፋይዳም አሥር ጣት፣ የዓይን ብሌንና ፊት የሚወስደው በመዝጋቢው ካሜራ ነው። ድሮ ፎቶው ካልተስማማሽ ሌላ ቀን ሌላ ፎቶ ቤት ትሄጃለሽ፤ አሁን ካሜራውም መስኮቱም አንድ ሰው እጅ ነው። ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት ይህን ያዙ። ነጭ መጋረጃ ፊት ነጭ ሻሽ ይጠፋልና ጠቆር ያለ አድርጉ። ሻሹ ግንባር ላይ ጥላ እንዳይጥል ወደ ላይ ሰብሰብ፣ ከጉንጭ መለስ አድርጉት። ኒቃብ የምታደርጉ እህቶች ፊታችሁን መግለጥ ግድ ነው፤ ሴት መዝጋቢ እንድታነሳችሁ በትሕትና ጠይቁ፣ ብዙ ጊዜ ይገኛል። «ጆሮ» ከተባላችሁ ደግሞ ሳትጣሉ «የተጻፈበትን መመሪያ ያሳዩን» በሉ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 27 መሠረት ሃይማኖትን መግለጽ የሚገደበው በሕግ ነው፤ የመስኮት ቃል ሕግ አይደለም።

ከሞርሲቶ፣ ከሆሳዕና፣ ከዱራሜም ሆነ ከሌላ ቦታ በዚህ ጉዳይ የተመለሳችሁ ካላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልን፦ ቀኑን፣ የወረቀቱን ዓይነት፣ የተባላችሁትን ቃል በቃል። የሰው ስም አንፈልግም። ሰብስበን ለመጅሊሳችን በጽሑፍ እናቀርባለን፤ የእናታችን ሦስት ምልልስ በዝርዝሩ ላይ ቁጥር አንድ ሆኖ ተመዝግቧል። ወላሁ አዕለም።