ቅድመ ጋብቻ ውል፦ ቤትና ልጆች ይዘው ዳግም ለሚያገቡ

ቅድመ ጋብቻ ውል ሁለት ሰዎች ጋብቻቸው በንብረታቸው ላይ የሚያስከትለውን ውጤት አስቀድመው በጽሑፍ የሚወስኑበት ስምምነት ነው። ውጭ አገር ያሉ ወገኖቻችን «ፕሪናፕ» ይሉታል። በአዋጅ ቁጥር 213/1992 የወጣው የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ «የጋብቻ ውል» ብሎታል፤ ነገር ግን በተለምዶ «የጋብቻ ውል» ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው በሽማግሌዎች ፊት የሚፈረመውን፣ መጋባትን የሚያረጋግጠውን ወረቀት ነው። «ቅድመ» የሚለው ቃል ሁለቱን ይለያቸዋል።

ይህ ውል ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ከፍቺ ወይም ከትዳር ጓደኛ ሞት በኋላ እንደገና ለሚያገባ ሰው ነው። ውል ከሌለ ሕጉ ራሱ ይወስናል። ከጋብቻ በፊት የነበረ ንብረት፣ እንዲሁም በውርስ ወይም በስጦታ የተገኘ፣ የግል ሆኖ ይቀጥላል። ከግል ንብረት የሚገኘው ገቢ ግን የጋራ ነው፤ አንዲት ሴት ይዛው የመጣችው ቤት የግሏ ቢሆንም፣ ካገባች በኋላ የሚሰበሰበው ኪራይ የሁለቱም ይሆናል። በተጨማሪም በአንዱ ስም የተመዘገበ ንብረት እንኳ፣ የግል መሆኑን ባለቤቱ ካላስረዳ በቀር፣ የጋራ እንደሆነ ይገመታል። ከዓመታት በኋላ ማስረጃ ፍለጋ ከመንከራተት፣ ማን ምን ይዞ እንደገባ ዛሬ ዘርዝሮ መፈረም ይሻላል።

ባል ወይም ሚስት የሞተበት ሰው ከውሉ በፊት የሚጨርሰው ሥራ አለ። የጋራ ከነበረው ቤት የሟች ድርሻ፣ ኑዛዜ ከሌለ፣ በቅድሚያ የሚያልፈው ለልጆች ነው። ውርሱ ሳይጣራ አዲስ ትዳር ከተመሠረተ የልጆቹ ድርሻ ከአዲሱ ቤተሰብ ንብረት ጋር ይደባለቃል፤ የእንጀራ አባትና የእንጀራ ልጅ ፍርድ ቤት የሚገናኙትም በዚህ ምክንያት ነው።

ውሉ እንዲጸና በጽሑፍ መሆንና በአራት ምስክሮች፣ ሁለቱ በሙሽራው ሁለቱ በሙሽሪት በኩል፣ መፈረም አለበት። ጊዜውም ወሳኝ ነው፤ መደረግ ያለበት ከጋብቻው በፊት ወይም በዕለቱ ነው። ከተጋቡ በኋላ ባልና ሚስት በመካከላቸው የሚያደርጉት ውል ፍርድ ቤት ካላጸደቀው ውጤት የለውም። የሕጉን አስገዳጅ ድንጋጌዎች መሻርም አይቻልም፤ ለልጆች ቀለብ የመስጠት ግዴታን በውል ማስቀረት የሚችል ወላጅ የለም። የፌዴራሉ ሕግ የሚሠራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ስለሆነ፣ በክልል የሚኖሩ የክልላቸውን የቤተሰብ ሕግ ያመሳክሩ።

ከውሉ ጎን ኑዛዜም ያስፈልጋል። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት የትዳር ጓደኛ ያለ ኑዛዜ ወራሽ አይሆንም፤ የሚያገኘው ከጋራ ንብረቱ የራሱን ድርሻ ብቻ ነው። አዲሱ የትዳር ጓደኛ ከእርሱ ሞት በኋላ በግል ቤቱ መኖሩን እንዲቀጥል የሚፈልግ ሰው፣ ይህን በግልጽ መናዘዝ አለበት።

ስለ ንብረት አስቀድሞ መነጋገር አለመተማመን የሚመስላቸው አሉ። አይደለም። የሚመጣውን የትዳር ጓደኛ ከጥርጣሬ፣ ልጆችንም ከክርክር የሚያድን የፍቅር ሥራ ነው። ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ሁለቱ ተቀምጠው ያላቸውን ንብረትና ያለባቸውን ዕዳ ይጻፉ፤ ያደጉ ልጆች ካሉም ይስሙት፤ ከዚያ የሕግ ባለሙያ ዘንድ ይሂዱ።